ጭሱና ማገዶው፦ የስኳር ሕመም፣ ኩላሊትና የሰውነት መከላከያ ኢንዛይሞች



የስኳር ሕመም ያለበት ዘመድ የሌለው ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙ አይገኝም ብዬ እገምታለሁ። እንዲህ ባለ ቤተሰብ ውስጥ ደግሞ አሜሪካ ወይም ዐረብ አገር ያለች ልጅ በሰው የላከችው የቫይታሚን ጠርሙስ አይጠፋም። ጠርሙሱ ላይ «አንቲኦክሲዳንት» የሚል ጽሑፍ አለ። እናት በየማለዳው አንድ ፍሬ ትውጣለች፤ ለምን እንደሆነ ስትጠየቅ «ለኩላሊት ጥሩ ነው ብለውኛል» ትላለች።

ይህ ክኒን ኩላሊትን ከስኳር ሕመም ያድናል ወይ? አያድንም። ጥያቄው በዚህ የሚያበቃ ቢሆን ኖሮ እናንተንም ባላደከምኳችሁ ነበር። ነገር ግን ከጠርሙሱ ጀርባ ያለው ሳይንስ ውሸት አይደለም። ሰውነታችን ራሱን ከኦክስጅን ጉዳት የሚከላከልባቸው ኢንዛይሞች በእርግጥ አሉት። ስኳር ሲበዛ እነዚህ ኢንዛይሞች እየተዳከሙ እንደሚሄዱ ታይቷል። በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎችም መዳከማቸው ከኩላሊት ጉዳት ጋር አብሮ ሲሄድ ተገኝቷል። ታዲያ መነሻው እውነት ሆኖ ሳለ መድረሻው እንዴት የማይሠራ ክኒን ሆነ? ዛሬ የማስረዳችሁ ይህንኑ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር።

አረፋው የሚነግረን

ቁስል በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሲታጠብ ያየ ሰው ነጩን አረፋ ያውቀዋል። ብዙዎቻችን ጀርም ሲሞት የሚወጣ ነገር ይመስለናል። አረፋው ኦክስጅን ነው፤ የሚያስወጣውም በራሳችን ደምና ሥጋ ውስጥ ያለ ካታሌዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ኢንዛይም ማለት አንድን ኬሚካላዊ ለውጥ የሚያፋጥን፣ ራሱ ግን በሥራው የማያልቅ ፕሮቲን ነው። ካታሌዝ ከኢንዛይሞች ሁሉ ፈጣን ከሚባሉት ይመደባል። አንዱ ሞለኪውል በአንድ ሰከንድ ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የፐርኦክሳይድ ሞለኪውሎችን ሰባብሮ ውሃና ኦክስጅን ያደርጋቸዋል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ሺጌዎ ታካሃራ የተባለ ጃፓናዊ የአንገት በላይ ሐኪም የአንዲት ልጅን የአፍ ቁስል በዚህ ፈሳሽ አጠበ። አረፋ የሚባል ነገር አልታየም፤ ይልቁንም ደሙ ጠቆረ። ታካሃራ ነገሩን ሲከታተል ልጅቷ ካታሌዝ የሌላት ሆና ተገኘች። ችግሩ በዘር የሚተላለፍ ነበር፤ ታሪኩም በ1952 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ለዓለም ወጣ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ደግሞ በሃንጋሪ ላስሎ ጎት የተባሉ ተመራማሪ ካታሌዛቸው በዘር ያነሰ ቤተሰቦችን አጠኑ። በ2000 በዚያው መጽሔት ላይ ከባልደረባቸው ጋር ባወጡት ጽሑፍ በእነዚህ ቤተሰቦች ውስጥ ካታሌዛቸው ያነሰው ሰዎች የስኳር ሕመም እንደሚበዛባቸው ገለጹ።

ይህ የሆነበት ምክንያት ሳይሆን አይቀርም ተብሎ የሚታሰበው ኢንሱሊን የሚያመርቱት የቆሽት ሕዋሳት ጠባይ ነው። እነዚህ ሕዋሳት ከሌሎቹ የሰውነት ክፍሎች ጋር ሲነጻጸሩ ከመነሻው የካታሌዝ ድሆች ናቸው። ያችኑ ጥቂቷን ሲያጡ ቶሎ ይጎዳሉ።

ጭሱ ከየት ይመጣል

እንጀራ የሚጋገርበትን ማድ ቤት አስቡ። ማገዶው በልኩ ከገባ እሳቱ ምጣዱን ያግላል፣ ጥቂቱ ጭስም በጭስ መውጫው ይሄዳል። ማገዶው ከልክ በላይ ከታጨቀ ግን ቤቱ በጭስ ይታፈናል፤ ዐይን ያቃጥላል፣ ግድግዳው ይጠቁራል።

በየሕዋሳችን ውስጥ ሚቶኮንድሪያ የሚባሉ ምግብን በኦክስጅን አቃጥለው ጉልበት የሚሰጡን ጥቃቅን ምድጃዎች አሉ። ሥራው ጥንቃቄ የበዛበት ቢሆንም ከኦክስጅኑ ጥቂቱ መንገድ ላይ አንድ ትርፍ ኤሌክትሮን ይዞ ያመልጣል። ይህ ያመለጠው ሱፐርኦክሳይድ ይባላል፤ የሕዋሱ ጭስ ይህ ነው። ሱፐርኦክሳይድ ብረት የያዙ ፕሮቲኖችን ያበላሻል። ከእሱ የሚወለደው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም ነጻ ብረት ካገኘ ወደ ባሰ ነገር ይለወጥና ስብን፣ ፕሮቲንንና ዘረመልን ያጠቃል።

መከላከያው ሁለት እርምጃ አለው። መጀመሪያ ሱፐርኦክሳይድ ዲስሚዩቴዝ፣ በአጭሩ ኤስኦዲ፣ ሱፐርኦክሳይድን ወደ ፐርኦክሳይድ ይለውጣል። ቀጥሎ ካታሌዝና ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ ፐርኦክሳይዱን ውሃ ያደርጉታል። የኤስኦዲ አገኛኘት ራሱ አስገራሚ ነው። ይህ መዳብ ያለበት ፕሮቲን ከደም ተለይቶ ከወጣበት ከ1938 ጀምሮ ለሠላሳ ዓመታት ያህል ሥራው ሳይታወቅ ቆየ። በ1969 በአሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ጆ ማኮርድና አስተማሪው ኧርዊን ፍሪዶቪች ኢንዛይም መሆኑን አሳዩ። ዛሬ ሦስት ዓይነት ኤስኦዲ እንዳለን እናውቃለን። መዳብና ዚንክ የያዘው በሕዋሱ ፈሳሽ ውስጥ፣ ማንጋኒዝ የያዘው በሚቶኮንድሪያ ውስጥ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከሕዋሱ ውጭ ይሠራል። ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ በበኩሉ ሴሌኒየም ይፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ፤ ኋላ እንመለስበታለን። እነዚህ የኦክስጅን ውላጆች ሁልጊዜ ጠላት አይደሉም። ነጭ የደም ሕዋሳት ሱፐርኦክሳይድን ሆነ ብለው እየሠሩ ጀርም ይገድሉበታል። ይህን ማድረግ የተሳናቸው ልጆች በኢንፌክሽን ይሠቃያሉ። ጥቂት ፐርኦክሳይድም ሕዋሳት እርስ በርስ የሚግባቡበት ምልክት ሆኖ ያገለግላል።

ኩላሊት ለምን ይጎዳል?

ሁለቱ ኩላሊቶቻችን ሲመዘኑ የሰውነታችንን ክብደት ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞሉም። ልብ ከሚረጨው ደም ግን ከአምስት አንዱን ያህል ይቀበላሉ። በእያንዳንዳቸው ውስጥ አንድ ሚሊዮን የሚያህሉ ኔፍሮን የሚባሉ ማጣሪያዎች አሉ። በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ይጣራል፤ ሽንት ሆኖ የሚወጣው አንድ ተኩል ወይም ሁለት ሊትር ብቻ ነው። የቀረውን ውሃ፣ ጨውና ስኳር ኩላሊቱ መልሶ ወደ ደም ያስገባዋል። ይህ ሁሉ ጉልበት ስለሚጠይቅ የኩላሊት ሕዋሳት በሚቶኮንድሪያ የተሞሉ ናቸው። ከክብደታቸው አንጻር ኦክስጅን በመፍጀት ከልብ ቀጥለው የሚጠሩት ኩላሊቶች ናቸው።

ስኳር በደም ውስጥ ሲበዛ ወደ ማጣሪያው የሚገባውም ስኳር ይበዛል። ኩላሊት ስኳርን ማባከን አይወድምና መልሶ ለመምጠጥ ከቀድሞው አብልጦ ይለፋል። በዚያ ላይ አብዛኞቹ የሰውነት ሕዋሳት ስኳር ሲበዛባቸው በራቸውን ጠበብ ሲያደርጉ፣ የጥቃቅን ደም ሥሮች ሽፋንና የማጣሪያው ደጋፊ ሕዋሳት ይህን ማድረግ ይሳናቸዋል። ማይክል ብራውንሊ የተባሉት አሜሪካዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በ2000ና በ2001 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ባወጧቸው ጽሑፎች፣ የስኳር ሕመም ኩላሊትን፣ ዐይንንና ነርቭን የሚጎዳባቸው ልዩ ልዩ መንገዶች ከአንድ ምንጭ እንደሚነሱ ሐሳብ አቀረቡ። ያ ምንጭ በሚቶኮንድሪያ ውስጥ የሚበዛው ሱፐርኦክሳይድ ነው።

ጭሱ ሲበዛ መከላከያውም አብሮ ይሳሳል። ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ የሚጠቀምበት ግሉታታዮን ሥራውን ሠርቶ ሲያበቃ እንደገና እንዲሠራ የሚያድሰው ኤንኤዲፒኤች የተባለ ሞለኪውል ነው። ስኳር ሲትረፈረፍ ሌላ ኢንዛይም ስኳሩን ሶርቢቶል ወደሚባል ነገር ለመለወጥ ይህንኑ ኤንኤዲፒኤች ይሻማል። ስኳር በፕሮቲን ላይ የመጣበቅ ጠባይም አለው። የሦስት ወር የስኳር ምርመራ የሚባለው ሄሞግሎቢን ኤዋንሲ የሚለካው በሄሞግሎቢን ላይ የተጣበቀውን ስኳር ነው። ስኳር ኤስኦዲ ላይም ተጣብቆ ኢንዛይሙን እንደሚያደክም የጃፓን ተመራማሪዎች በ1987 አሳይተዋል።

ውጤቱ የሚታየው በማጣሪያው ላይ ነው። ወንፊቱን የሚጠብቁት እግር መሰል ሕዋሳት ይረግፋሉ፤ የወንፊቱ ግድግዳ ይወፍራል፤ አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲን ወደ ሽንት ማምለጥ ይጀምራል። ፖል ኪመልስቲልና ክሊፎርድ ዊልሰን በ1936 በስኳር ሕመምተኞች ኩላሊት ውስጥ በአጉሊ መነጽር ያዩዋቸው ክብ ጠባሳዎች የዚህ ጉዳት ዘግይቶ የሚመጣ ምልክት ናቸው። እዚያ ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል። በእነዚያ ዓመታት ሕመምተኛው ምንም አያመውም።

አይጦቹ ምን አሉ?

በ2009 የታተመ አንድ ጥናት ሁለት የአይጥ ዝርያዎችን አነጻጸረ። ሁለቱም በአንድ ዓይነት የዘር ለውጥ ምክንያት የስኳር ሕመም ያለባቸው ናቸው። የአንደኛው ዝርያ ኩላሊት ክፉኛ ይጎዳል፤ የሌላው ይቋቋማል። በተጎዳው ኩላሊት ውስጥ የመጀመሪያውና ሦስተኛው ኤስኦዲ ቀንሰው ተገኙ፤ በተቋቋመው ግን አልቀነሱም። ሌሎች ተመራማሪዎችም ኤስኦዲ ወይም ካታሌዝ በብዛት እንዲያመርቱ የተደረጉ አይጦች ኩላሊታቸው ከስኳር ሕመም የተሻለ እንደሚጠበቅ አይተዋል። ስኳር እኩል ሆኖ ሳለ የአንዱ ሕመምተኛ ኩላሊት ሲጎዳ የሌላው ለምን እንደሚተርፍ ለመረዳት ይህ አንድ ፍንጭ ነው።

ሁሉም ማስረጃ ወደ አንድ አቅጣጫ ግን አይሄድም። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ዋናው ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ የሌላቸውን አይጦች በስኳር ሕመም ፈተኗቸው፤ ኩላሊታቸው ከሌሎቹ የባሰ አልሆነም። በ2013 በካሊፎርኒያ የተሠራ ጥናት ደግሞ የስኳር ሕመም ባለባቸው አይጦች ኩላሊት ውስጥ ሱፐርኦክሳይድ ቀንሶ ማግኘቱን ዘገበ። ሚቶኮንድሪያው ሲዳከም ጉልበቱም ጭሱም አብረው ይቀንሳሉና፤ እንዲሠራ ሲያነቃቁት ሱፐርኦክሳይዱ ጨመረ፣ ኩላሊቱም ተሻለው። የጭስ መኖር አንዳንዴ ምድጃው እየሠራ መሆኑን ያመለክታል ማለት ነው። ስለዚህ «ኦክሲዳንት መጥፎ፣ አንቲኦክሲዳንት ጥሩ» የሚለው የማስታወቂያ ቋንቋ በተመራማሪዎች ዘንድ ከቀረ ሰነባብቷል።

በሰው ሲሞከር

ቫይታሚን ኢ በሙከራ ቱቦ ውስጥ ጥሩ አንቲኦክሲዳንት ነው። ሆፕ የተባለው በ19 አገሮች የተካሄደ ትልቅ ጥናት ከ9,000 በላይ ለልብ ሕመም የተጋለጡ ሰዎችን ይዞ ውጤቱን በ2000 አወጣ። ከእነዚህ ውስጥ ከ3,500 በላይ የሚሆኑት የስኳር ሕመም ነበረባቸው። ጥናቱ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን ፈተነ፤ በቀን 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ እና ራሚፕሪል የተባለ የደም ግፊት መድኃኒት። ራሚፕሪል የወሰዱት የስኳር ሕመምተኞች ለግልጽ የኩላሊት ጉዳት የመድረስ ዕድላቸው 24 በመቶ ያህል ቀነሰ። ቫይታሚን ኢ ለልብም ለኩላሊትም የፈየደው ነገር አልነበረም። ክትትሉ ሲራዘም ደግሞ በቫይታሚን ኢ ወሳጆች ዘንድ የልብ ድካም በዝቶ ታየ፤ ይህም በ2005 ታተመ።

በካናዳ ደግሞ የስኳር ሕመም ኩላሊታቸውን ለጎዳባቸው 238 ሰዎች ከፍተኛ መጠን ያለው ፎሊክ አሲድ፣ ቢ6 እና ቢ12 ወይም ባዶ ክኒን ተሰጠ። በ2010 በወጣው ውጤት ቫይታሚኑን የወሰዱት ሰዎች የኩላሊት አቅም ፈጥኖ ቀነሰ። ይህን የምጠቅሰው «ቫይታሚን ቢያንስ አይጎዳም» የሚለው እምነት እንዲፈተሽ ነው። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው ቢ12 ሊያንሰው ስለሚችል ሐኪም መርምሮ የሚያዝለት የተለየ ነገር ነው፤ ጉድለትን መሙላትና በሞላው ላይ መከመር አንድ አይደሉም።

ሦስተኛው ምሳሌ ባርዶክሶሎን የተባለ መድኃኒት ነው። ይህ ከውጭ አንቲኦክሲዳንት ከማምጣት ይልቅ የሰውነትን የራሱን መከላከያ ኢንዛይሞች የሚያነቃቃ ነው። ሐሳቡ ብልህ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ውጤቶችም ተስፋ ሰጡ። ከ2,000 በላይ የስኳርና የከፋ የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ግን በጥቅምት 2012 በድንገት ቆመ። መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ ውሃ መቋጠርና የልብ ድካም በዝቶ ስለተገኘ ነው።

ይህ ሁሉ ሙከራ ለምን ከሸፈ? አንደኛ፣ ኢንዛይም ሥራውን ሠርቶ እንደገና ይሠራል፤ የቫይታሚን ሞለኪውል ግን አንዱን ሲይዝ ራሱ ያልቃል። በሰከንድ ሚሊዮኖችን ከሚሰባብር ጋር ሊወዳደር አይችልም። ሁለተኛ፣ የተዋጠው ክኒን ጭሱ በሚወጣበት ቦታ፣ በሚቶኮንድሪያው ውስጥ፣ በሚፈለገው መጠን መገኘቱ አጠራጣሪ ነው። ሦስተኛ፣ ቀደም ብዬ ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር አለ፤ ሰውነት የኦክስጅን ውላጆችን ለመከላከያና ለመግባቢያ ይጠቀምባቸዋል፣ ሁሉንም ማፈን ጥቅሙንም ያጠፋል። ከሁሉም በላይ ግን ማገዶው እየተጨመረ ጭስ ማራገብ ቤቱን አያጸዳውም።

ማገዶውን መቀነስ

የሠራው መንገድ ሁሉ ማገዶውን ወይም በማጣሪያው ላይ ያለውን ጫና የቀነሰ ነው። በአሜሪካና በካናዳ 1,441 የመጀመሪያው ዓይነት የስኳር ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለስድስት ዓመት ተኩል ያህል የተከታተለው ጥናት በ1993 ውጤቱን ሲያወጣ፣ ስኳራቸውን አጥብቀው የተቆጣጠሩት ሰዎች በሽንታቸው ብዙ አልቡሚን የመታየት ዕድላቸው 54 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። በዚያው ዓመት ካፕቶፕሪል የተባለው የግፊት መድኃኒት የኩላሊትን መድከም እንደሚያዘገይ ታየ። የእሱ ዘመድ የሆነው ኢናላፕሪል ዛሬ በእኛ ጤና ተቋማት የታወቀ መድኃኒት ነው። እነዚህ መድኃኒቶች በማጣሪያው ውስጥ ያለውን ግፊት ያረግባሉ፤ ለነፍሰ ጡር ግን አይሰጡም።

ካናግሊፍሎዚን፣ ዳፓግሊፍሎዚንና ኢምፓግሊፍሎዚን የተባሉት አዳዲስ መድኃኒቶች ደግሞ ኩላሊት ስኳርን መልሶ የሚመጥበትን በር ይዘጋሉ። ስኳሩ በሽንት ይወጣል፣ የኩላሊቱ ልፋትም ይቀንሳል። በ2019 የታተመው የ4,401 ሰዎች ጥናት ካናግሊፍሎዚን ለኩላሊት ውድቀትና ተያያዥ አደጋዎች መጋለጥን 30 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ። ውጤቱ ግልጽ ስለነበር ጥናቱ ከታቀደለት ጊዜ ቀድሞ ቆሟል። ዋጋቸው ለብዙ ሕመምተኛ ገና ከባድ ነው። የሚፆም ሰውም እነዚህን ሲወስድ ፈሳሽ ሊያንሰውና ደሙ አሲድ ሊበዛበት ስለሚችል ከፆሙ በፊት ሐኪሙን ማማከር አለበት።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

በአገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተከናውኗል፤ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ሁሉ ለጋሽ አይገኝም፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ የሚደረግ የኩላሊት እጥበትም ቤተሰብን የሚያራቁት ነው። እዚያ ከመድረስ የሚያድነው አስቀድሞ ማወቅ ነው።

ስለዚህ የስኳር ሕመም ያለባችሁ ወይም የምታስታምሙ ሁሉ ጥቂት ነገሮችን ልብ በሉ። ሽንት ውስጥ ያለ አልቡሚንና የኩላሊት አቅም የሚታወቅበት ደም ውስጥ ያለ ክሪያቲኒን በዓመት አንድ ጊዜ ይለካ። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ይህን የሚጀምረው ሕመሙ በታወቀበት ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያው ዓይነት ያለበት ከአምስት ዓመት በኋላ ይጀምራል። ተራው የሽንት ስትሪፕ ጥቂቱን አልቡሚን አያሳይምና «ሽንትህ ንጹሕ ነው» መባል ብቻውን አያረካችሁ። የወገብና የጉልበት ሕመም ሲነሳ ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ከፋርማሲ እየገዙ ለረጅም ጊዜ መዋጥ የደከመ ኩላሊትን ይበልጥ ይጎዳል።

ሽፈራው፣ አብሽና ጥቁር አዝሙድ በምግብነት ማዕዳችን ላይ ቢኖሩ የሚከፋ አይደለም። በቤተ ሙከራም አንቲኦክሲዳንትነታቸው ተለክቷል። ነገር ግን ከላይ ያየነው ልዩነት ለእነሱም ይሠራል፤ በቱቦ ውስጥ የተለካ ባሕርይ በሰው ኩላሊት ላይ የተገኘ ጥቅም ማለት አይደለም።

በዚህ ረገድ በተለይ የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ። ኢንሱሊንንና እንደ ግሊቤንክላሚድ ያሉ የስኳር ክኒኖችን ከሰውነት የማስወገዱ ሥራ የኩላሊትም ድርሻ አለበት። ኩላሊት ሲደክም መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ይቆያል፤ ስኳርም ያለ ምክንያት የወረደ ይመስላል። ሕመምተኛው በዚያ ሰሞን አንድ ቅጠል ወይም አንድ ክኒን ጀምሮ ከሆነ «ስኳሬ ተሻለኝ» ብሎ ለእሱ ያመሰግናል። እውነቱ ግን ኩላሊቱ እያለቀ መሆኑ ሊሆን ይችላል። አመጋገቡም እንቅስቃሴውም ሳይለወጥ ስኳሩ በድንገት የወረደ ሰው መድኃኒቱ እንዲስተካከልለትና ኩላሊቱ እንዲመረመር ፈጥኖ ወደ ሐኪም ይሂድ።

በሚቀጥለው ቀጠሯችሁ ሐኪማችሁን ሦስት ነገር ጠይቁ። የሽንቴ አልቡሚን ስንት ነው? የኩላሊቴ አቅም ካምናው ምን ያህል ቀነሰ? ከምወስዳቸው ነገሮች ውስጥ፣ ከውጭ የተላከልኝም ሆነ ከገበያ የገዛሁት፣ ማቆም ያለብኝ የትኛው ነው? መልሱን ጽፋችሁ ያዙ፤ በዓመቱ ከሚመጣው ቁጥር ጋር የምታነጻጽሩት እሱን ነው።